ባለ አራት ፊደሉን ልግዛ ወይስ ረጅሙን ልያዝ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አንድ ነገር ላይ ተገናኙ። ሁሉም ስለ ዌብሳይት ስም፣ ማለትም ስለ ዶሜይን፣ ርዝመትና ዋጋ ይጠይቃሉ። እኔም ፈረንጅ አራዳ ሱቅ ከፍቼ ለነጋዴው ዌብሳይት የምሠራ ሰው ነኝ። ጥያቄው በየጊዜው ሱቄ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ ጋር ቡና እናዘጋጃለን። አሁን ራሳችን ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ አውጥተናል። ዌብሳይት የሚሠራልን ልጅ ሁለት ምርጫ አቀረበልን። አንደኛው ‹ጅማ ስፔሻሊቲ ኮፊ ኤክስፖርት› የሚለውን በእንግሊዝኛ ገጣጥሞ በዶት ኮም መያዝ ነው። ስቆጥረው 26 ፊደል ሆነ። ሁለተኛው የአራቱን ቃላት መነሻ ፊደል ብቻ መውሰድ ነው። ባለ አራት ፊደሉ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ 3,000 ዶላር ጠይቋል። ልጁ ‹አጭር ስም ወርቅ ነው፣ ነገ በእጥፍ ትሸጡታላችሁ› ይላል። አባቴ ግራ ገብቶታል። ምን ይሻለናል?»
የቡና ነጋዴ ልጅ፣ ከቦሳ ኪቶ

እህቴ፣ 3,000 ዶላሩን አትክፈሉ። ባለ 26 ፊደሉንም አትያዙ። ለሁለቱም ምክንያቴን ልንገርሽ።

ልጁ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። አጭር ስም የሚወደድበት እውነተኛ ምክንያት አለ። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። ከእነዚህ የሚወጣው ባለ ሁለት ፊደል ስም 676 ብቻ ነው። ባለ ሦስት ፊደሉ 17,576፣ ባለ አራት ፊደሉ 456,976 ይሆናል። አምስት ፊደል ሲደርስ ግን ከ11 ሚሊዮን ያልፋል። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበው በ1985 ነው። እስከ 1995 ድረስ ደግሞ ምዝገባው ገንዘብ አይጠየቅበትም ነበር። ቀድሞ የነቃ ሰው አጫጭሩን ወሰደ። ዛሬ በዶት ኮም ሥር ከሁለት እስከ አራት ፊደል ያላቸው ስሞች በሙሉ ተይዘዋል። ባለ አንድ ፊደሉማ ከ1993 ጀምሮ ለምዝገባ ዝግ ነው፤ ቀድመው የተያዙ ጥቂቶች ብቻ ይሠራሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ዜድ ዶት ኮምን፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ በ2014 በ6.8 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ነገሩ ዋናው አስፋልት ዳር እንዳለ ሱቅ ነው፤ ፈላጊው ይበዛል፣ ቦታው ግን አይጨመርም።

ይህን ያህሉ እውነት ነው። አሁን ግን እነዚያን ውድ ስሞች ማን እንደገዛቸው እይ። ፌስቡክ ሲጀምር «ዘ» የሚል ቃል ከፊቱ ነበረው። እሷን ጥሎ ዛሬ የምናውቀውን ስም ለመያዝ በ2005 200,000 ዶላር ከፈለ። በ2010 ደግሞ ኤፍቢ ዶት ኮምን ከአሜሪካ የገበሬዎች ፌዴሬሽን በ8.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ቴስላም ለዓመታት «ሞተርስ» የሚል ጭራ በያዘ ስም ሲሠራ ቆይቶ ነው በ2016 ጭራዋን ያስቆረጠው። ዋጋው 11 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ኢሎን መስክ ራሱ ተናግሯል። ሁሉም መጀመሪያ በረጅሙ ስም ሠሩ፣ ታወቁ፣ ገንዘብ አገኙ። ስሙን ያሳጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ስማቸውን አስቀድሞ አሳጥሮ ይጠራቸው ስለነበር ገንዘቡ ትርጉም ነበረው።

የእናንተ አራት ፊደላት ግን ዛሬ ለማንም ምንም አይናገሩም። አንድ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ጀርመናዊ አራቱን ፊደል ቢያይ ባንክ ይሁን ትምህርት ቤት አያውቅም። ፊደላቱን በሦስተኛው ቀን የሚያስታውሳቸውም አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ስም ዋጋ የሚያወጣው ያንኑ ምህጻር የሚጠቀም ትልቅ ድርጅት በዓለም ላይ ካለና ያ ድርጅት በዚያ ሰሞን ከፈለገው ብቻ ነው። ባለቤቱ 3,000 ዶላር ጠየቀ ማለት ደግሞ ስሙ 3,000 ዶላር ያወጣል ማለት አይደለም። በሄርማታ ሐሙስ ገበያ የሚጠራውን ዋጋና የሚሸጥበትን ዋጋ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ረጅም ስም ሁሉ ርካሽ ነው ማለትም አይደለም። በ2010 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሁለት የኢንሹራንስ ዌብሳይቶችን ገዛ። «ኢንሹራንስ» የሚለው ዶት ኮም 35.6 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። «ካር ኢንሹራንስ» የሚለው፣ በሦስት ፊደል የሚረዝመው፣ 49.7 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ዋጋው በውስጣቸው ያለውን ሥራም ይጨምራል፤ ያም ቢሆን ረጅሙ ስም ፈላጊው ምን እንደሚፈልግ በትክክል ይናገራል። የመኪና ኢንሹራንስ የሚፈልግ ሰው የሚጽፈው ያንኑ ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ጉዳይ ልምጣ። ለእኛ ከርዝመት በላይ የሚጎዳን አጻጻፍ ነው። ይህንን ደግሞ ከውጭ የተቀዱ ምክሮች አይነግሩሽም።

«ጅማ»ን በላቲን ፊደል ጻፊ ብልሽ እንዴት ትጽፊዋለሽ? አንዱ በአንድ ኤም ይጽፋል። አንዱ በሁለት ኤም። በቁቤ ሲሆን መጨረሻው ላይ ኤ ይደገማል። የውጭ ቡና ገዢዎች ደግሞ ለዓመታት ጆንያ ላይ ያዩት ከፊቱ ዲ፣ ከኋላው ኤች የገባበትን ነው። አራቱም የእኛው ከተማ ናቸው። አራቱም ግን ለኮምፒውተር የተለያዩ ስሞች ናቸው። ደንበኛሽ አንዷን ፊደል ቢስት ኢሜይሉ ተመልሶ ይሄድበታል፤ ከባሰም ሌላ ሰው ጋር ይደርሳል። የናሙና ጥያቄ የያዘ ኢሜይል በዚህ መንገድ ሲጠፋ ያያችሁት ኪሳራ የለም፣ ሻጩም አያውቀውም። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

የቤተሰባችሁን ስም ከመያዛችሁ በፊትም ይህንኑ መርምሩ። ጠ ያለበት ስም ከሆነ አንዱ በቲ፣ በቁቤ የተማረው በኤክስ ይጽፈዋል። ቀ ካለበት ኬና ኪው ይጣሉበታል። ጨ ካለበት ሲ ብቻዋን ትሁን ወይስ ኤች ትከተላት የሚል ጣጣ ይመጣል። እንዲህ ያለ ባለ አምስት ፊደል ስም በአንድ መንገድ ብቻ ከሚጻፍ ባለ አሥር ፊደል ስም ያነሰ ይጠቅማል። እኔ በዚህ አልደራደርም።

የምመክርሽ ይህ ነው። ከእንግሊዝኛው «ኮፊ» በፊት አንድ አጭር፣ አወዛጋቢ ፊደል የሌለበት ቃል አድርጉ፤ የአባትሽ ስም ሊሆን ይችላል፣ የእርሻው ቦታ ሊሆን ይችላል። «ኮፊ»ን የውጭ ገዢ ሁሉ አጥርቶ ይጽፈዋል። ጠቅላላው ከ10 እስከ 14 ፊደል ቢሆን ያምራል። «ስፔሻሊቲ»ንና «ኤክስፖርት»ን ተዉአቸው፤ እነሱን የሚናገረው የዌብሳይቱ ገጽና የቡናው ጣዕም ነው። ሕጉ በነጥቦች መካከል እስከ 63 ፊደል ይፈቅዳል፤ ስለተፈቀደ ግን አይሞላም። ባለ 26 ፊደል ኢሜይል አድራሻ በስልክ ላይ በአውራ ጣት ሲጻፍ አስቢው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ሊሙ ገነት ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውላችሁ ስሙን በቃል ብቻ ንገሩት። ፊደል አትቁጠሩለት። የሰማውን በቴሌግራም ጽፎ ይላክላችሁ። ሁለት ሦስት ሰው ሳይሳሳት ከላከው ስሙ ጥሩ ነው።

ሌላው የዋጋው ነገር ነው። ያልተያዘ ዶት ኮም የጅምላ ዋጋው ለዓመት ከ10 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቸርቻሪው የራሱን ይጨምርበታል። በብር ተቀብለው የሚያስመዘግቡ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም አሉ። ዶት ኮም ዶት ኢቲውን፣ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠውን፣ ብትጨምሩት ለአገር ውስጥ ደንበኛ እምነት ይሰጣል። ዋናው ነገር ግን ስሙ ሲመዘገብ ባለቤት ሆኖ የሚገባው የአባትሽ ወይም የአንቺ ስምና ኢሜይል ይሁን። ዌብሳይት የሚሠራው ልጅ ምንም ጨዋ ቢሆን በእሱ ስም አይመዝገብ። ይህን አደራ እላለሁ።

«ሰላም ጋሼ። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር አጫጭር ዶሜይን ገዝተን ልንሸጥ አስበናል። ባለ አራት ፊደል ዶት ኮም ስላጣን ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር የተቀላቀለባቸው አገኘን። በአዳዲሶቹ መጨረሻዎች፣ ማለትም በዶት ኮም ፈንታ ከነጥቡ በኋላ በሚመጡት፣ ደግሞ ባለ ሁለት ፊደል አየን። ስም ባጠረ ቁጥር ይወደዳል የሚባለው ለእነዚህም ይሠራል?»
ተማሪ፣ ከጅማ

ወንድሜ፣ ለእነዚህ ብዙም አይሠራም።

ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ስም ሲነገር ይወሳሰባል። «አራት» ስትል ቁጥሩ ነው ወይስ ቃሉ? ስትናገር ማስረዳት ግድ ይልሃል። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ ርዝመቱ አራት ብቻ መሆኑ አይማርከውም። ሰረዝ የገባበት ስምም እንደዚሁ ነው። ቁጥር ብቻ የሆነ አጭር ስም ግን ሌላ ነገር ነው። በ2015 አንድ የቻይና ኩባንያ 360 ዶት ኮምን ከቮዳፎን በ17 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ኩባንያው አስቀድሞ በዚያው ቁጥር የሚታወቅ ነበር።

ስለ ቻይና ካነሳሁ አይቀር፣ በ2015 መጨረሻ የሆነውን እወቅ። የቻይና ገዢዎች ድምፅ ሰጪ ፊደላትና ቪ የሌሉባቸውን ባለ አራት ፊደል ስሞች በገፍ መግዛት ጀመሩ። ምንም ትርጉም የሌላቸው ስሞች ዋጋቸው በወራት ውስጥ ተተኮሰ። በቀጣዩ ዓመት ፈላጊው ሲቀዘቅዝ ዋጋው ወረደ። ስሞቹ አልረዘሙም። ርዝመታቸው ያው አራት ነበር።

በአዳዲሶቹ መጨረሻዎች ያየሃቸው ባለ ሁለት ፊደሎችም ወጥመድ አላቸው። ብዙዎቹ ያንን መጨረሻ የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ አጭር መሆናቸውን አይቶ «ፕሪሚየም» ብሎ የለያቸው ናቸው። የአንዳንዶቹ ዋጋ የሚከብደው ስትገዛ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ስታድስም ያንኑ ከፍተኛ ዋጋ ትከፍላለህ። ስለዚህ የእድሳቱን ዋጋ ሳታይ የመግዣውን ቁልፍ እንዳትጫን። በዶላር የምትከፍለው እድሳት ለተማሪ ቀላል አይደለም።

ዋጋ ማወቅ ከፈለግህ ሻጭ የለጠፈውን ቁጥር ተወው። ኔምባዮ የሚባል የሽያጭ መዝገብ አለ፤ በእውነት የተሸጡ ስሞችን በርዝመት፣ በዓመትና በመጨረሻቸው ዓይነት ለይቶ ያሳያል። ከአንተ ጋር የሚመሳሰሉ ስሞች በስንት እንደተሸጡ፣ ስንቶቹ ጨርሶ እንደማይታዩ ተመልከት። በኮምፒውተር ብቻ የሚሰላ ግምት የሚሰጡ ገጾችም አሉ፤ ፊደል መቁጠር ይችላሉ፣ ገዢ መኖሩን ግን ማየት አይችሉም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ልንገርህ። የታወቀ ኩባንያ ወይም የባንክ ስም የሚመስል ዶሜይን አትያዝ። ከ1999 ጀምሮ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የክርክር ሥርዓት አለ። የንግድ ምልክቱ ባለቤት ስሙን በክፉ ልቦና እንደያዝከው ካሳየ ሳንቲም ሳይከፍልህ ይወስደዋል።

ዋጋና ጥቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከራስህ ዩኒቨርሲቲ ማየት ትችላለህ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ዌብሳይት ጄ እና ዩ በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምርና በኢዱ ዶት ኢቲ ያልቃል። ከሁለት ፊደል የሚያጥር የለም ማለት ይቻላል። ለዩኒቨርሲቲው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይይዘዋል። ያ መጨረሻ ግን ለትምህርት ተቋማት የተከለለ ስለሆነ ገበያ ላይ ወጥቶ የሚሸጥ አይደለም።

ሙያውን ከወደድከው በአንድ ስም ጀምር። እዚህ ከተማ ያለ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል፣ ሁለት ግልጽ ቃል ያለው ስም ይሁን። ላዩ ላይ ዌብሳይት ሥራበት። ባይሸጥ እንኳ ሥራህን የምታሳይበት ይሆናል።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሄርማታ መርካቶ ማር እሸጣለሁ። ልጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ ስድስት ፊደል ዶሜይን አስመዝግቦልኝ ነበር። ሰሞኑን አንድ የውጭ ሰው በኢሜይል ‹ስሙ አጭርና ውብ ነው፣ በ18,000 ዶላር እገዛዋለሁ› አለኝ። ግን መጀመሪያ የዋጋ ግምት ሰርተፍኬት እንዳወጣ ጠየቀኝ። የሚያምነውንም ድርጅት ላከልኝ። ክፍያው 150 ዶላር ነው። ልጄ ራቅ ብሎ ስለሆነ ለእርስዎ ጻፍኩ።»
የማር ነጋዴ

አባቴ፣ እባክዎ ምንም አይክፈሉ። ይህ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ገዢ አይደለም። ድርጅት ብሎ የላከልዎት ገጽ የራሱ ወይም የባልንጀራው ነው። እርስዎ 150 ዶላሩን ሲከፍሉ ሰርተፍኬት የሚመስል ወረቀት ይደርስዎታል፤ ገዢው ከዚያ በኋላ ይጠፋል። ይህን ኢሜይል የላከው ለእርስዎ ብቻ አይደለም። የስሙ ርዝመትም ግድ አይሰጠውም። «አጭርና ውብ» የሚለው ለባለ ስድስት ፊደሉም ለባለ ሃያውም የሚላክ ቃል ነው።

እውነተኛ ገዢ ሰርተፍኬት አይጠይቅም። ስሙ ለእሱ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያውቃል። የሚጠይቀው «ስንት ትሸጡልኛላችሁ?» ብሎ ነው። ከተስማማችሁ ገንዘቡን መሃል ላይ የሚይዝ የታመነ ሦስተኛ ወገን ይገባል። ገንዘቡ እዚያ መግባቱን እርስዎ ራሳችሁ ወደ ገጹ ገብታችሁ ታረጋግጣላችሁ፤ ገዢው በላከው ማስፈንጠሪያ አይደለም። ስሙ የሚዛወረው ከዚያ በኋላ ነው። ለማዛወር የሚያገለግል የይለፍ ኮድ አለ። ያን ኮድ የያዘ ሰው ስሙን ሊወስድ ይችላልና ገንዘቡ መሃል ላይ ሳይገባ ለማንም እንዳይሰጡ።

ባለ ስድስት ፊደል ስም ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ የሚታወቅ ቃል ከሆነ በተለይ። እርስዎ ግን በዚያው ስም ማር እየሸጡ ከሆነ፣ ዕቃው ላይ ተለጥፎ ደንበኛ የሚያውቀው ከሆነ፣ እኔ እንዲሸጡት አልመክርም። ልጅዎ በየዓመቱ ማደሱን ብቻ ይጠይቁት።

«ጋሼ፣ ‹ጅማ› በግዕዝ ፊደል ሁለት ፊደል ብቻ ናት። በራሳችን ፊደል ዶሜይን ብይዝ አጭር አልሆነም?»
አንባቢ፣ ከመንደራ ቆጪ

ለዓይን አጭር ነው። ሐሳብህንም እወደዋለሁ። በግዕዝ ፊደል ስም የሚቀበሉ መጨረሻዎች አሉ፤ ዶት ኮም አንዱ ነው። ከበስተጀርባ ግን ኢንተርኔቱ ስሙን ወደ ላቲን ፊደል ይቀይረዋል። ኤክስ፣ ኤን፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ ብሎ ይጀምርና የማይነበብ ኮድ ይከተላል። አንዳንድ የኢሜይል አገልግሎትና አንዳንድ መተግበሪያ የሚያሳየው ያንን ኮድ ነው። የማያውቅ ደንበኛ ቫይረስ መስሎት ይሸሻል።

የአጻጻፉ ጣጣ እዚህም አለ። «ሰላም» በሰ እና በሠ ሁለት ስም ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ያለበት ስም ደግሞ ሦስት ይሆናል። ጅማ ከዚህ ነፃ ናት፤ የአንተ ስምም ነፃ ከሆነ ያዘው። ለጊዜው ግን በላቲን ፊደል ከተያዘው ዋና ስም ጋር ደርበህ ይሁን። የግዕዙን ጽፎ የሚገባ ሰው ወደ ዋናው እንዲዞር ማድረግ ቀላል ነው።

«የባለ አምስት ፊደል ዶት ኮም እድሳት አለፈኝ። ጠፋ ማለት ነው?»
ሱቅ ባለቤት፣ ከአጋሮ

ወዲያው አይጠፋም። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ቀኑ ካለፈ በኋላ በመደበኛው ዋጋ የሚያድሱበት ጥቂት ሳምንት ይሰጣሉ። ያ ሲያልፍ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ያኔ ክፍያው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ይለቀቃል። የእርስዎ አምስት ፊደል ስለሆነ እዚያ እንዲደርስ አይጠብቁ። እንዲህ ያሉትን አጫጭር ስሞች በተለቀቁባት ሴኮንድ የሚቀልቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንድ መዝጋቢዎችም ከዚያ በፊት ለጨረታ ያወጧቸዋል። ይህን እንዳነበቡ ለመዝጋቢው ይደውሉና ስሙ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይጠይቁ። ገና በመጀመሪያው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ለአንድ ዓመት ብቻ አያድሱ፤ ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል።